የዘኪያ መስገጃ

ኑ ልጆቼ፣ ቁጭ በሉ። ሳሚያ፣ አንቺም ጠጋ በይ፣ አታኩርፊኝ። ዛሬ ቤቴን ልትጠርጊልኝ ገብተሽ ያንን አረንጓዴ መስገጃ ልታነሺ ስትይ ለምን እንደጮህኩብሽ ልንገርሽ። ወሬዬ ከተንዛዛ ታገሱኝ፤ እኔ አራተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ ሰው ነኝ።

እናንተ እዚህ ግቢ የተከራያችሁት ዘኪያ ከሄደች በኋላ ስለሆነ አታውቋትም። የባቲ ልጅ ናት። እዚሁ ሀርጌሳ፣ ዳሚ የሚባለው ሰፈር ውስጥ ሳምቡሳ እየጠበሰች ትሸጥ ነበር። አርብ አርብ ሥራ ስለማትወጣ ሚኒባስ ይዛ ወደዚህ፣ ወደኛ ሰፈር ወደ ጅግጅጋ ያር ትመጣለች። ለምን መሰላችሁ? አማርኛ ልታወራ። እኔም የምጠብቃት ለዚያው ነው። ሀርጌሳ አገሬ ነው፣ ዘመዶቼ እዚህ ናቸው፣ አልሐምዱሊላህ። ግን ድሬዳዋ ነው ያደግኩት፤ የልጅነት ሳቄ ከእሷ ጋር ካልሆነ አይመጣልኝም ነበር።

መስገጃዋን እኔው ጋ ነው የምታስቀምጠው፣ መስኮቱ ስር። ሰግዳ ስትነሳ አታጥፈውም። ጠርዙን ብቻ ቀልበስ አድርጋ ትተወዋለች። እናቷ እንዲያ ታደርግ ነበር አሉ፤ ተመልሼ እሰግድበታለሁ ማለት ነው።

አንድ አርብ ታዲያ እናቷ ዓይኗ እንደጠፋ ነገረችኝ። ሌላ ልጅ የላትም፤ ባቲ ሄዳ ልታስታምማት ነው። መቼ ትመለሻለሽ ብዬ ልጠይቃት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት።

የመጨረሻዋ አርብ ስትደርስ ቤቱን ከጠዋት ጀምሬ አጸዳሁ። ፍራሹን ፀሐይ ላይ አወጣሁ፣ አቧራውን ጠራረግኩ፣ ትራሶቹን አራገፍኩ። ከትራሶቹ ስር የቴምር ፍሬ ወደቀ። የእሷ ነው! ሌላ ማን ቴምር በልቶ ፍሬውን ይሸሽጋል? ብቻዬን ሳቅኩ። ከዚያ ያችን ፍሬ መጣል አቅቶኝ እጄ ላይ ይዣት ቆየሁ።

መስገጃውንም አጠብኩት። መንገደኛ ናት፣ ዕቃዋን ስትፈልግ አትንገላታ ብዬ አጣጥፌ ፌስታል ውስጥ ከተትኩና በሩ ጋ አስቀመጥኩላት።

ዘኪያ መጣች። ገና በሩ ላይ ሆና፣ «አሰላሙ ዓለይኩም! ምንድነው እንዲህ ያብለጨለጨው? ሙሽራ ልትሆኚ ነው እንዴ ካልቱን?» አለችኝ።

«ወዓለይኩሙ ሰላም። አንቺን ልድር ነበር፤ የሚወስድሽ ጠፋ እንጂ።»

«በዚህ ጥርስሽ አንቺን ማን ወስዶሽ ነው!»

ሩዝ በፍየል ሥጋ ሠርቼ ነበር። እንደ አገሩ ልማድ ሙዙን ከጎኑ ባስቀምጥላት ወደ እኔ ገፋችው። «ይሄን ሁሉ ጊዜ ኖሬ ሩዝ በሙዝ አልለመድኩም። ባቲ ገብቼ ባወራው እብድ ነው የሚሉኝ።»

«አቦ ብዪ ዝም ብለሽ! እዚያ ሄደሽ ይናፍቅሻል።»



የዙህር አዛን ሲሰማ ውዱእ አድርጋ ወደ መስኮቱ ሄደች። ወለሉ ባዶ ነው።

«መስገጃዬስ?»

«አጥቤልሻለሁ። በሩ ጋ ፌስታል ውስጥ ነው።»

ሄዳ ፌስታሉን ከፈተች። ትክ ብላ አየችው። ስትዞር ፊቷ ሌላ ሆኗል። «አጥፈሽ ሸኘሽኝ?»

«ኧረ እንዳትቸገሪ ብዬ ነው...»

«ወላሂ ካልቱን፣ እንዲህ የሚታጠፈው የሞተ ሰው ዕቃ ነው። አትመለሺ ካልሽ በአፍሽ ንገሪኝ!»

እኔም ተናደድኩ። «እመለሳለሁ ብለሽ መች ነገርሽኝ?»

«አንቺስ መች ጠየቅሽኝ?»

«ፈርቼ ነዋ!»

«ምን ፈርተሽ?»

«አልመለስም እንዳትዪኝ።»

ያን ጊዜ እንደቆመች ሳቀች፤ ሳቋ መሃል ላይ ለቅሶ ሆነ። «አንቺ ሞኝ አሮጊት» አለችኝ። «የምቆይበትን አላህ ያውቃል። እናቴ ናት፣ ጥያት አልመጣም። ግን መስገጃዬን ከዚህ ቤት ይዤ የምወጣ መስሎሽ ነበር?»

አነጠፈችው። ዳር ዳሩ ገና አልደረቀም ነበር። ሰገደች፤ ዱዓዋን አስረዘመች። ስትነሳ ጠርዙን ቀልበስ አደረገችና እያየችኝ በእግሯ ጣት መታ መታ አደረገችው፤ አየሽ፣ እንደማለት። ሚኒባሱ እስኪመጣ መንገድ ዳር እጄን ይዛኝ ቆመች።  የዚያን ሁሉ አርብ ወሬ በእጃችን ጨረስነው መሰለኝ።

አሁን በስልክ እንገናኛለን። እናቷ አለች፣ አልሐምዱሊላህ። የእናቷ ዕድሜ በረዘመ ቁጥር የእሷ መምጫ ይርቃል። እኔም ለእናቷ ዕድሜ ዱዓ አደርግና አርብ ሲሆን ሩዝ ለሁለት ሰው እሠራለሁ። ለዚህ ነው ከሰዓት በኋላ የምጠራችሁ፤ የእሷን ድርሻ ነው የምትበሉት።

ጉልበቴን ታዩታላችሁ፤ ከመቀመጫዬ የምነሳው ግድግዳ ይዤ ነው። አንድ አርብ አንዲት ሴት በሩን አንኳኩታ፣ «እዚህ ቤት ሙዝ የሌለበት ሩዝ አለ?» ብትላችሁ፣ እኔ ባልኖርም አስገቧት። መስገጃው መስኮቱ ስር ነው። ዙሪያውን ጥረጉ፤ እሱን ግን አታንሱት። ጠርዙን እሷ ራሷ ትዘርጋው። ይቺን ብቻ አስታውሱልኝ፣ ልጆቼ።