ግማሽ ጠርሙስ የቤንዚን መድኃኒት

ደሳለኝ ነጭ ፔጆውን የሚወዳት ከሚስቱ ቀጥሎ ነው ይባል ነበር። ሚስቱ አየለች ግን "ቀጥሎ" የምትለዋን ቃል ትጠራጠራት ነበር። መኪናዋ አርጅታለች፤ አንደኛው በሯ መዛግ ጀምሯል፤ ጠዋት ስትነሳ የምትስለውን ሳል አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያሉ ጎረቤቶቹ እንደ ሰዓት ደወል ለምደውታል። ቢሆንም አልሸጣትም።

የማይሸጥበት ምክንያት ልጁ ዮሐና ናት። እሷና እናቷ በሱዳን በኩል አድርገው አሜሪካ ሲገቡ ዮሐና ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ አባቷን የምታውቀው በፎቶግራፍ ብቻ ነው። ከኤርፖርት እስከ ቤት ድረስ የፔጆዋ ኋላ ወንበር ላይ ኩርምት ብላ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ሊደርሱ ሲሉ፣ "ይሄ መኪና የማን ነው?" ብላ ጠየቀች። ደሳለኝ ሌላ የሚላት ስላጣ፣ "ያንቺ ነው፤ የሠርግሽ ቀን በዚህ ነው የምወስድሽ" አላት። ልጅቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለችለት። ደሳለኝ በዚያች ፈገግታ ተይዞ ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ዘይት ሲቀይር ኖረ።

በፈረንጆቹ ዘጠና አምስት መጨረሻ ላይ ያ ሠርግ ቀን ተቆረጠለት፤ ለዳግማይ ትንሣኤ። ሙሽራው ይስሐቅ ከወንዙ ማዶ ያለችው የአሌክሳንድሪያ ከተማ ልጅ ነው። ዘመዶቹ ርዝመቱ አንድ መንደር የሚያህል ሊሞዚን ሊከራዩ ተነስተው ነበር፤ ዮሐና ግን የአባቴ ቃል ይቀድማል አለች። ስለዚህ ሙሽሮቹ ፔጆዋ ከተነሳች በፔጆዋ፣ ካልተነሳች በሊሞዚኑ ይሄዳሉ ተባለ። "ካልተነሳች" የሚለውን ሲሰማ ደሳለኝ ስለ መጪው ብርድ ማሰብ ጀመረ።

ብርዱ ሲመጣ መንገዱ ላይ ጨው ይነሰነሳል፤ ጨው ደግሞ የዛገ በር ካገኘ አይምርም። ስለዚህ ፔጆዋ እስከ ሚያዝያ ድረስ አሌክሳንድሪያ፣ የጓደኛው የኪራኮስ ጋራዥ ውስጥ እንድትከርም ተወሰነ። ኪራኮስ አገር ቤት የመንግሥት እርሻ ኃላፊ ነበር፤ ትራክተር ሲያስመርቅ እንጂ ሲነዳ ያየው የለም። አሁን ቤት ያሻሽጣል። ነገሩ እዚህ ላይ ያልቅ ነበር፤ ፍሰሐ ባይሰማ።

ፍሰሐ የኬሚስትሪ መምህር የነበረ፣ አሁን ሆቴል ውስጥ እንግዳ የሚቀበል ሰው ነው። ወሬውን እንደሰማ ቀይ ጠርሙስ ይዞ ደሳለኝ ቤት መጣ። ቤንዚን አምስት ወር ከቆመ ይበላሻል፣ ሙጫ ሆኖ ቧንቧ ይዘጋል፣ ይህ መድኃኒት ካልተጨመረበት ልጅህን በእግሯ ትወስዳታለህ አለው። ኪራኮስ ይህን ሲሰማ ሳቀ። ታንከሩን ጢም አድርጎ መሙላት ይበቃል፤ ለአምስት ወር ብሎ መድኃኒት የሚገዛ ሞኝ ነው አለ። ሁለቱ በተማሪነታቸው በተለያየ የፖለቲካ ድርጅት የነበሩ ናቸው። ከዚያ ወዲህ አንዱ ዛሬ ሰኞ ነው ካለ ሌላው ካላንደር ሳያይ አይቀበልም።

ሳምንት ሳይሞላ አበሻው ለሁለት ተከፈለ። ሲልቨር ስፕሪንግ "ይጨመር" አለ፤ አሌክሳንድሪያ "አይጨመር" አለ። የመሬትን ጥያቄ ተከራክረው የደከሙ አፎች በቤንዚን ጥያቄ እንደገና ተከፈቱ። አንዱማ ለቅሶ ቤት ውስጥ ደሳለኝን ወደ ጥግ ስቦ አቋሙን ጠየቀው። ደሳለኝ አቋም አልነበረውም፤ ፍሰሐን ልክ ነህ፣ ኪራኮስንም ልክ ነህ ይላል። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል እንዲሉ።

በመጨረሻ ጉዳዩ ሽማግሌ ዘንድ ደረሰ። አቶ በፈቃዱ አገር ቤት ዳኛ የነበሩ፣ የተከበሩ አዛውንት ናቸው። በደሳለኝ ሳሎን ውስጥ ሁለቱንም ወገን ከሦስት ሰዓት በላይ አዳመጡ። መሐል ላይ አየለች ሻይ ልታቀርብ ገብታ፣ የመኪናዋ መመሪያ መጽሐፍ ምን እንደሚል ጠይቃ ነበር። አየለች አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ትሠራለች፤ ወረቀቱን ሳታነብ ለማንም ክኒን አትሰጥም። ግን የሰማት የለም። ደሳለኝም አልሰማትም፤ ቀኑን ሙሉ ላይብረሪ ውስጥ መጽሐፍ ሲደረድር የሚውል ሰው።

አቶ በፈቃዱ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ፈረዱ፤

"ግማሽ ጠርሙስ ይጨመር። የመኪናዋም ቁልፍ እስከ ሠርጉ ድረስ ምንም አቋም በሌላት በአየለች እጅ ይቆይ።"

ፍሰሐ በግማሽ መድኃኒት የዳነ በሽተኛ የለም ብሎ አጉረመረመ። ኪራኮስ ግማሽ መርዝም መርዝ ነው አለ። ሁለቱም እኩል ስላኮረፉ ፍርዱ ትክክል መሆኑ ታወቀ።

በማግስቱ ፍርዱን ለማስፈጸም ዘጠኝ ሰው ኪራኮስ ጋራዥ ውስጥ ተሰበሰበ። ሁሉም ከመኪናዋ ኋላ የቤንዚኑን ክዳን ከበው፣ የፍሰሐ እጅ ከግማሽ መስመር አንዲት ጠብታ እንዳያሳልፍ ይጠብቃሉ። አየለች ጃንጥላዬን ልውሰድ ብላ ከፊት ገባች። መጽሐፉን ከመሳቢያው አውጥታ ስታገላብጥ ቆየች። ማታ ወደ ቤት ሲመለሱ የሆነ ነገር ነገረችው፤ ደሳለኝ የክርክሩን ነጥብ በልቡ እያመላለሰ ስለነበር፣ "ልክ ነሽ፣ ልክ ነሽ" አላት።

የገና ዕለት ጉደኛ በረዶ ወረደ፤ ፔጆዋ አልነካትም። ጾሙ ገባ፣ ፋሲካ ሆነ፣ የሠርጉ ዋዜማ ቅዳሜ ደረሰ። አየለች ከልብስ ሰፊዋ ጋር ስልክ ላይ እንዳለች ቁልፉን ለደሳለኝ ዘረጋችለት፤ በእጇ ቆይ ብትለውም እሱ ሮጦ ወጣ። አሌክሳንድሪያ ሲደርስ ሁለቱም ወገኖች አቶ በፈቃዱን ይዘው ጋራዡን ሞልተውታል።

ደሳለኝ አማትቦ ቁልፉን አዞረ። ፔጆዋ ጭጭ አለች። ደጋግሞ ቢያዞር ያው ነው፤ ያ የለመደው ሳል እንኳ የለም።

ከመሐላቸው አንድ የታክሲ ሹፌር ቢኖር ዝምታው ራሱ በሽታውን ይነግረው ነበር። አምስት ወር ስለ ቤንዚን የተጨቃጨቀ ሰው ግን ከቤንዚን ሌላ አይሸተውም። ሁሉም ወደ ኋላ፣ ወደ ክዳኑ ተመሙ። ኪራኮስ መድኃኒቱ ገደላት አለ። ፍሰሐ ተናዶ፣ መድኃኒቱማ ሙሉ ነው፣ ከገና በረዶ በኋላ ግማሹን እኔው ራሴ ጨምሬበታለሁ ብሎ አመለጠው። ያን ቀን ፍሰሐ በረዶ ልዛቅልህ ብሎ መጥቶ ነበርና ኪራኮስ ክው አለ።

"እኔ ደግሞ ታረቀኝ ብዬ ምሳ አበላሁህ" አለው።

ሆኖም የእሱም እጅ ንጹሕ አልነበረም። ገና በኅዳር መድኃኒት የገባበትን ቤንዚን በጎማ ቀድቶ በአዲስ መተካቱን እሱም በንዴት አወጣው። አቶ በፈቃዱ ፍርዳቸው ከግራም ከቀኝም መሻሩን ሲሰሙ ባልዲ ገልብጠው ተቀመጡ።

ደሳለኝ ይህን ሁሉ ትቶ ወደ ኪራኮስ ማድቤት ገባ። ያቺ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ዓይኑ ላይ ድቅን አለችበት፤ ቃሉን የበላ አባት ሆነ። ቤቱ ደወለ።

"አየለች፣ አልተነሳችም። ለይስሐቅ ንገሪው፣ ሊሞዚኑ ይምጣ።"

"ባትሪውን አሰርከው?" አለችው።

"የምን ባትሪ?"

"የፈታሁት ነዋ። መጽሐፉ ከአንድ ወር በላይ ከቆመች ፍቱት ይላል። የዚያኑ ማታ ነግሬህ 'ልክ ነሽ' ብለኸኛል።"

ደሳለኝ ከማድቤቱ በር ወደ ጋራዡ አየ፤ ሁሉም ከመኪናዋ ኋላ ናቸው።

"ደሳለኝ፣ ለመሆኑ ኮፈኑን የከፈተ ሰው አለ?"

አልነበረም። ወደ ጋራዡ ተመልሶ በአምስት ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ፔጆዋ ፊት ዞረ። ኮፈኑን ሲያነሳ የባትሪው ሽቦ ተፈትቶ ወደ ጎን ተደርጓል፤ ጫፉ ላይ አየለች ሥራ ቦታዋ የምታደርገው ነጭ የላስቲክ ጓንት ተጠልቆ በክር ታስሯል። ሰዎቹ ሁሉ ጓንቱን እያዩ ቆሙ። መፍቻው ከመጽሐፉ ጋር መሳቢያው ውስጥ ነበር። ሽቦውን አሰረው፤ ቁልፉን አዞረ፤ ፔጆዋ ሁለት ጊዜ ስላ ተነሳች።

ደሳለኝ መሪው ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። ከኋላው ፍሰሐ "አላልኩም?" ሲል፣ ኪራኮስ "አላልኩም?" ሲል ይሰማዋል።

እሑድ ጠዋት ዮሐና ያቺው ኋላ ወንበር ላይ ከይስሐቅ ጎን ተቀመጠች፤ ቬሏ መስኮቱን ሞልቶታል። ሊሞዚኑ ሚዜዎቹን ጭኖ ከኋላ ይጠብቃል። ዮሐና ወደ አባቷ ጆሮ ጎንበስ አለችና፣ "ይሄ መኪና የማን ነው?" አለችው።

ደሳለኝ ቁልፉን ከማዞሩ በፊት መሳቢያውን ከፍቶ መጽሐፉን አወጣና ከጎኑ ለተቀመጠችው ለአየለች በሁለት እጁ ሰጣት።

"ምን ይላል?" አላት።

አየለች ከፈተችው፣ አየችው፣ ዘጋችው።

"ቀበቶህን እሰር ይላል።"