አፉ በለኝ፣ ማኖሊስ

መሰደቡን ለማያውቅ ሰው «ሰድቤህ ነበርና አፉ በለኝ» ብሎ መጻፍ ይቅርታ መጠየቅ ነው ወይስ ዳግመኛ መስደብ? ነጅዋ መልሱን አታውቅም። አጎቷ ኑርሁሴን ለሐጅ ሊነሣ የቀረው ግን አራት ቀን ብቻ ነው።

ነገሩን የቆሰቆሰችው ራሷ ናት። የአጎቷን ሻንጣ ልታዘጋጅ የድሮውን ሳጥን ስትበረብር፣ ከታች፣ በወየበ የግሪክ ጋዜጣ የተጠቀለለ ትንሽ የዘፈን ሸክላ አገኘች። መሐሉ ላይ በላቲን ፊደል «ኑሪ እና ማኖሊስ፣ አቴንስ፣ 1986» ይላል። ሐይቅ ከተማን ከዳር እስከ ዳር ቢያስሱ ሸክላ ማጫወቻ አይገኝም። ስለዚህ ስሞቹን ስልኳ ላይ ጽፋ ፈለገች። ቱርክ ሰባት ዓመት ተምራ ከተመለሰች ሦስት ወሯ ነው፤ ለምን እንደተመለሰች ለጠየቃት ሁሉ የተለያየ መልስ መስጠት ሰልችቷት ነበርና እንዲህ ያለ ፍለጋ እፎይ አሰኛት። ዘፈኑንም አገኘችው። ከአራት ዓመት በፊት አንድ ሰው ኢንተርኔት ላይ ጭኖታል። እስካሁን የሰሙት ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሰዎች ናቸው።

ስልኳን ይዛ ወደ ሱቁ በረረች። ኑርሁሴን ከባጃጅ ማቆሚያው ጎን ገመድና የዓሣ መረብ ይሸጣል። ሚስቱ ዘይቱና በሩ ላይ ተቀምጣ የተቀደደ መረብ ትቋጥራለች።

«አጎቴ፣ እስቲ ይህንን ስማ!»

መጀመሪያ የማሽን ከበሮ መጣ፤ ቆርቆሮ ላይ እንደሚንጠባጠብ ዝናብ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ። ቀጥሎ ሲንተሳይዘሩ በቀጭን ድምፅ ገባ። በዚያ ሁሉ የኤሌክትሪክ ጩኸት መሐል አንድ የጎረምሳ ድምፅ በአምባሰል ቅኝት ብቅ አለ።

«ውይ! ያንተ ድምፅ አይደለም?» አለች ዘይቱና መረቡን ጥላ። «አንተ ሰው፣ ስታገባኝ መንዙማ መቀበል እንኳ አልችልም አላልከኝም?»

ኑርሁሴን አልሳቀም። ነጅዋ ግን ጭንቅላቷን በምቱ እየነቀነቀች ነበር፣ ግጥሙ እስኪደርስ ድረስ።

*አንድ እግሩ ሲራመድ፣ አንድ እግሩ ሲተኛ፣*
*ይመስለዋል አሉ ወንድማማች እኛ።*

«አጥፊው» አላት።

አጠፋችው። በአስፋልቱ የወልድያ ሚኒባስ ጥሩምባውን እየነፋ አለፈ።

ታሪኩን ቀስ እያለ አወጣው። ከአምባሰል ሥር ተነሥቶ፣ በሱዳን አድርጎ አቴንስ የገባው በሃያ አራት ዓመቱ ነው። ሰሐን የሚያጥብበት ምግብ ቤት ባለቤት ማኖሊስ የሚባል ልጅ ነበረው፤ በልጅነቱ ፖሊዮ ይዞት አንድ እግሩን የሚጎትት። ያ ልጅ የራሱን ጫማ አወለቀለት። ዳቦ ደብቆ አበላው። ምድር ቤት ወዳስቀመጣት ሲንተሳይዘር ወስዶም «አንተ በቋንቋህ ዝፈን፣ እኔ እከተልሃለሁ» አለው።

«እኛ ስምንት ያገር ልጆች አንድ ክፍል ውስጥ ነበርን» አለ ኑርሁሴን መሬት መሬት እያየ። «‹የአንካሳው አሽከር› ብለው ስም አወጡልኝ። ላስቃቸው ብዬ ነው፣ ወላሂ። ማኖሊስ ፊት ለፊቴ ቆሞ አጨበጨበልኝ። ‹ይህችን ቦታ ድገማት፣ ከፍ አድርገህ› አለኝ። ደገምኳት።»

«ሠርግ ላይም እኮ እንሰዳደባለን» አለች ነጅዋ ልታጽናናው። «የወንዱ ወገን የሴቷን ወገን አፍንጫ ሳይቀር ያነሣል።»

«የሴቷ ወገን መልስ አለዋ! በግጥም ትሰድቢኛለሽ፣ በግጥም እመልስልሻለሁ፣ አብረን እንበላለን። ማኖሊስ በምን አፉ ይመልስልኝ?»

ዘይቱና ብድግ አለች። «በል ሸክላውን እንስበረውና ይለፍልህ።»

«የታተሙት ሦስት መቶ ነበሩ፣ ዘይቱና።»

ሰሞኑን ቤት ለቤት እየዞረ አፉ በሉኝ ሲል ከርሟል። ዶሮዋን በድንጋይ የመታባትን ጎረቤት ሳይቀር ሄዶ ለምኗል፤ እሷም «ዶሮዋ ከሞተች ሃያ ዓመቷ፣ አፉ ብያለሁ» ብላ ስቃበታለች። ሐጅ ብዙ ወንጀል ያጥባል፣ የሰው ሐቅ ግን ባለቤቱ ካልተወው አይለቅም፤ ይህን ሕፃንም ያውቀዋል። ማኖሊስ ሞቶ ይሆናል፣ ዘፈኑም አብሮት ጠፍቶ ይሆናል እያለ ነበር አርባ ዓመት የኖረው።

ነጅዋ ከቪዲዮው ሥር የተጻፈውን ያየችው ያኔ ነው። አንብባ ዝም ልትል አሰበች። ድምፅዋ ግን ቀደማት።

«‹ኪቦርዱን የምጫወተው እኔ ነኝ። ጓደኛዬ ኑሪ ሳይሰናበተኝ ሄደ። የሚዘፍነውን እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ደስ የሚል ነገር እንደሆነ ግን ይሰማኛል። አማርኛ የሚችል ሰው ካለ ይጻፍልኝ።› የኢሜይል አድራሻውንም አስቀምጧል።»

ኑርሁሴን ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «ደብተር ይዞ መጥቶ ‹አንድ አንድ ቃል አስተምረኝ› ሲለኝ ነው የሸሸሁት» አለ ከእጁ ሥር። «በሳምንቱ ጅዳ ነበርኩ።»

በማግሥቱ ከዐሥር በኋላ ወደ ሐይቁ ዳር ወረዱ። ታንኳዎቹ ተስበው ወጥተዋል፤ ከውኃው ማዶ የእስጢፋኖስ ገዳም ዛፎች ይታያሉ። ኑርሁሴን ድንጋይ ላይ ተቀምጦ «ጻፊ» አላት። በግጥሙ የማኖሊስን እግር እንዳነሣ፣ ላስቃቸው ብሎ እንደሆነ፣ እንደደገመው፣ አንዱንም ሳያስቀር ነገራት።

ነጅዋ በእንግሊዝኛ መጻፍ ጀመረች። ሁለት መስመር ሄዳ ጣቷ ቆመ። ሰውየው ስልሳውን አልፏል። ከዚያ ሁሉ ዘመን የቀረው አንድ ዘፈንና አንድ ጓደኛ ነው፤ በአንድ ደብዳቤ ሁለቱንም ልትነጥቀው ነው። እንዲህ ያለው እውነት ለማን ይጠቅማል? ለአጎቷ እንጂ ለማኖሊስ ምን ይፈይዳል? ደግሞስ እሷ በሐቅም፣ ከሞት በኋላ ባለው በአኺራም የምታምነው ምን ያህል ነው? ያንን እንኳ በቅጡ አታውቅም። ደመሰሰችና ሌላ ጻፈች፦ ዘፈኑ ስለ ሁለት ወንድማማቾች ነው፣ ኑሪ ሳይሰናበትህ በመሄዱ አፉ በለኝ ይልሃል።

«አንብቢልኝ» አላት።

ስልኳን እያየች እሱ የነገራትን በአማርኛ መለሰችለት። እግሩን፣ ሳቁን፣ መደጋገሙን። ኑርሁሴን በየቃሉ ራሱን ነቀነቀ፤ መጨረሻ ላይ ዐይኑ እንባ ሞልቶ ፈገግ አለና «አሚን። ጎበዝ ልጄ፣ እስቲ ድገሚው» አላት።

ነጅዋ ስልኳን ጉልበቷ ላይ ደፋችው።

«አጎቴ…»

«ወይ?»

«ያነበብኩልህ የጻፍኩትን አይደለም።»

«ምን ጻፍሽ?»

ነገረችው። ይቆጣኛል ብላ ጠብቃ ነበር፤ እሱ ግን ጎንበስ ብሎ ጠጠር አነሣና በመዳፉ ያገላብጥ ጀመር። «ሰውየው ሁለተኛ ይታለል?» አለ። «አሁንም ቋንቋውን ስላላወቀ? አንቺስ ከዚህ ዕድሜሽ ሐቅ ተሸክመሽ የት ልትደርሺ ነው?»

«ይጎዳዋላ!»

«ይጎዳዋል። ይሰድበኝ። በግሪክኛ፣ በፈለገው ይሰድበኝ። መልስ ይኑረው።»

እንደ አዲስ ጻፈችው። ግጥሙንም ተረጎመች፤ ቤት አልመታም፣ ስድቡ ግን ምንም አልጎደለውም። ከታች የኑርሁሴንን ስልክ ቁጥር አስቀመጠች። የላከው እሱ ራሱ ነው፤ በወፍራም አውራ ጣቱ ሁለቴ ስቶ በሦስተኛው።

ኑርሁሴን ሐሙስ ተነሣ። በሳምንቱ ከመካ ደወለ። ሰላምታውን አሳጠረና «መለሰ?» አላት።

«ገና ነው፣ አጎቴ።»

«አይቶታል?»

«ኢሜይል እንደዚያ አያሳይም።»

«ሕያው ነው?»

«አላውቅም።» ከጀርባው የብዙ ሰው «ለበይክ» የሚል ተልቢያ ይሰማ ነበር፤ ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ።

ሲመለስ ከተማው በእልልታ ተቀበለው። ባጃጅ ነጂዎቹ «ሐጂ! ሐጂ ኑርሁሴን!» እያሉ ይጠሩታል። አይዞርላቸውም። ዘይቱና ጆሮው ደክሟል እያለች ትሸፍንለታለች። ነጅዋ ግን በስሙ ብቻ ሲጠሩት ከመንገዱ ማዶም ቢሆን እንደሚሰማ አይታለች።

ጠዋት ጠዋት ሱቁን ሲከፍቱ፣ ሳይጠይቃት፣ ስልኳን ታወጣለች። ደብዳቤው ተመልሶ አልመጣም፤ ስለዚህ የሆነ ቦታ ደርሷል። ዘፈኑን የሰሙት ሁለት መቶ ሠላሳ አንድ ሆነዋል፤ አብዛኛው እሷው ናት፤ ሁሉም እሷ ለመሆኗ ግን እርግጠኛ አይደለችም። ቀና ስትል አጎቷ ገመድ እየጠቀለለ ያያታል። «ገና ነው» በሚል ራሷን ትነቀንቅለታለች። እሱም ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ፣ ድምፁ መከፈቱን አረጋግጦ፣ ከመረቦቹ አጠገብ ያስቀምጠዋል።