የውቢት ክንድ

ቀናተኛ ይሉኛል። ብቀናስ? የራሴ ሚስት አይደለች እንዴ! በጎረቤት ሚስት ቀንቼ ቢሆን ያኔ ይፍረዱብኝ። እስቲ እናንተው ስሙኝ።

ዘማች የሚባሉት ተማሪዎች ገጠር የወረዱበት፣ መሬት ለአራሹ የተባለበት ዘመን ነው። ፈንጣጣ ከጃናሞራ ተነሥቶ፣ አምባራስን አልፎ፣ እኛ መንደር ደረሰ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ዋሴ ጥሩንባ አስነፋና፣ "ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ወጥቶ ይከተብ" አለ። መርፌውን የያዘው ከጎንደር የመጣ ዘማች ነው፤ ጥርሱ ነጭ፣ ጸጉሩ ጎፈሬ። ሴቶቹ ቀሚሳቸውን ከትከሻቸው ዝቅ እያደረጉ ክንዳቸውን ይሰጡታል፤ እሱም ይዞ ይወጋል። ሆ! ይህን አይቼ ደሜ ፈላ።

ሚስቴ ውቢት ገና የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ናት። ያገባኋት በዚያው ዓመት ነው፤ ወንዝ ስትወርድ እንኳ እናቴን አስከትዬ ነው የምልካት። "ያ ልጅ ክንድሽን ቢነካ እግርሽን እሰብረዋለሁ" አልኋት።

"እኅቴን የጨረሳት እኮ ፈንጣጣ ነው። እኔም እንዳልሞት" አለች።

"ከሞትሽ እኔው እቀብርሻለሁ" አልኋት። ነገሩ በዚህ ያለቀ መስሎኝ ቅዳሜ ደባርቅ ገበያ ወረድሁ።

ስመለስ ዋሴ መንገድ ላይ አገኘኝ። "አንተ ያርጋል፣ ሚስትህስ ጀግና ናት! ከሴቶቹ ሁሉ ቀድማ ክንዷን ሰጠች" ብሎ ሳቀ። ሰጠች! ይህች ቃል እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለች።

ቤት ገብቼ "አሳዪኝ" አልኋት። ቀኝ ክንዷ ላይ የቁንጫ ንክሻ የምታህል ቀይ ነጥብ አለች። ለእኔ የታየኝ ግን መርፌው ሳይሆን ጣቶቹ ያረፉበት ቦታ ነው። አባቴ "ሴትና አህያ ዱላ ይወዳሉ" ይል ነበርና በዱላ ጀመርሁ። ዱላው አልበቃኝም፤ ነጥቧ እዚያው አለቻ! ማጭዱን ምድጃ ውስጥ ከተትሁት። ሲቀላ አውጥቼ ነጥቧ ላይ አሳረፍሁት። ጩኸቷን መንደሩ ሰምቷል፤ ማንም አልመጣም። በባልና ሚስት መካከል ማን ይገባል? እናቴ ብቻ ቅቤ ቀባቻትና "ዕድልሽ ነው ልጄ፣ ቻዪው" አለቻት። እኔም የዚያን ሰው እጅ ከገላዋ ላይ አጠፋሁ ብዬ ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

ብዙም ሳይቆይ ትኩሳት ጣለኝ። እኔ መቼ ተከትቤ! ፊቴ ሲያብጥ፣ እንደ አገራችን ልማድ፣ እርሻው ዳር ጎጆ ሠርተው ብቻዬን አስገቡኝ። የወለደችኝ እናቴ እንኳ ምግቤን ከሩቅ ድንጋይ ላይ አስቀምጣ ትመለሳለች። መነሣት ሲያቅተኝ ምግቡን ውሻ በላው። አንድ ቀን በሩ ተከፈተና አጥሚት አፌ ላይ ተደረገልኝ። ዓይኖቼ ተጣብቀዋል፤ በእጇ አወቅኋት።

"ውቢት፣ አትፈሪም?"

"ምን ያስፈራኛል? ተከትቤአለሁ።"

"አቃጥዬው የለም እንዴ!"

"ያቃጠልኸው ቀኙን ነው። ዘማቹ ሊያየን ሲመለስ ግራውን ሰጠሁት።"

ወይ ጉድ! ሞት አፋፍ ላይ ሆኜ፣ ከእጇ እየጎረስሁ፣ ቅናት አንጀቴን በላው። "ሁለተኛ ያዘሽ?" አልኋት። ማንኪያው አፌ አጠገብ ቆመ።

"አሁንም የምትለኝ ይህንኑ ነው?" አለች ቀስ ብላ።

ያፈርሁ እንዳይመስላችሁ። "የቱ ጋ ያዘሽ?" ብዬ ጠየቅኋት።

ቅርፊቱ እስኪረግፍ አበላችኝ፣ አጠበችኝ። ቅርፊቱ ረገፈ፤ ዓይኖቼ ግን እንደ ጠፉ ቀሩ። ያኔ እጄን ይዛ ቤት አደረሰችኝና እናቴን፣ "ልጅዎን በሕይወት አስረክቤዎታለሁ፤ ከእንግዲህ ሚስቱ አይደለሁም" ብላ ሄደች።

ሽማግሌ ላክሁ። ሲመለሱ፣ "አባ፣ ምን አለች?" ብዬ ቄስ ወልደ ሩፋኤልን ጠየቅኋቸው።

"ሁለቱን እጅጌዎቿን ሰብስባ ክንዶቿን አሳየችን" አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ለእኔ ሽማግሌ የሚሆን ሰው ጠፋ።

አሁን ከክትባት ሰጪዎቹ ጋር በየመንደሩ ትዞራለች። ሴቶቹ መርፌውን ፈርተው ሲያመነቱ የግራ ክንዷን ገልጣ "ይኸው፣ አልሞትሁም" ትላቸዋለች አሉ። ቀኙንስ ምን ነካው ሲሏትም አትደብቅም፤ "ባሌ ነው" ትላለች።

ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያተኛው በደጄ ሲያልፍ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ እጠይቃለሁ። "ውቢትን አያችኋት? ክንዷን ሸፍናለች?"

ይስቁብኛል። "ምን ትሸፍናለች፣ ያርጋል! ጃናሞራ ድረስ ያላያት ሰው አለ እንዴ?"

እውነታቸውን ነው። ያችን የግራ ክንዷን ጠባሳ አገሩ ሁሉ አይቷል። ያላየኋት እኔ ባሏ ብቻ ነኝ።