ግንበኛው ያጸዳው መደብ

ነርሷ ጡረታ ከወጣች ወዲህ የኔ የምትለው ነገር ቢኖር ከማድቤቱ መስኮት ሥር ያለችውን አንዲት የአትክልት መደብ ነው። የቀረውን ግቢ ባሏ፣ ጡረተኛው ግንበኛ፣ ገመድ ወጥሮ ይገዛዋል። በእሱ ግዛት ጎመን እንኳ እንደ ብሎኬት ተሰልፎ ነው የሚቆመው።

እሷ አኩሪ አተር ዘርታለች፤ ሳይደርቅ፣ ገና በእሸቱ በጨው ቀቅላ ልትበላው። አምና ተባይ ጨርሶባት የተረፋት ዘር እፍኝ አይሞላም፤ ዘንድሮ ያንኑ አሟጣ ዘራችው። ከከሸፈ ሌላ ዘር የላትም። ስለዚህ ለአኩሪ አተሯ ጎረቤት መረጠችለት፤ ዳር ዳሩን ጠረኑ ተባይ የሚያርቅ ብርቱካናማ አበባ፣ መሃል መሃሉን ነፋስ የሚከልል በቆሎ። ለሚያየው ሰው ዝብርቅርቅ ያለ ነገር ነው። እሷ ግን እያንዳንዱን ለምን እዚያ እንዳስቀመጠችው ታውቃለች።

ልጇ ዘንድ ሦስት ቀን ሰንብታ ስትመለስ መደቧ ተጠርጎ ጠበቃት። አበባው የለም፣ በቆሎው የለም። ከበቀሉላት ሃያ ሁለት አኩሪ አተሮች የቀሩት ስድስት ናቸው፤ በመካከላቸው ነጭ ሽንኩርት በገመድ ልክ ተሰልፏል። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ማለት ይሄ ነው።

«አዳንኩልሽ» አላት ግንበኛው፣ የእጁን አፈር እያራገፈ። «በቆሎውን ስነቅል አብሮ የወጣውን አኩሪ አተር ባየው ሥሩ እጢ በእጢ ሆኗል። ሌላውንም ነቅዬ አየሁ፣ ያው ነው። ጠንከር ያሉትን ብቻ ተውኩልሽ።»

ነርሷ ከተጣለው ክምር አንዱን አንስታ ሥሩን አፍንጫው ላይ ደቀነችበት።

«ይሄ እብጠት በሽታ አይደለም፤ አኩሪ አተሩ ማዳበሪያውን ራሱ የሚያዘጋጅበት ነው። ሠላሳ ዓመት በሽተኛ ሳስታምም ኖሬ እጢ የማላውቅ መሰለህ? ጭራሽ ደግሞ ነጭ ሽንኩርት፤ ከጎረቤት ሁሉ ለአኩሪ አተር የማይስማማውን መርጠህ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ስተክል አጠገቤ ቆመህ አንድ በአንድ ነግሬሃለሁ። አንተ እህ፣ እህ እያልክ አጥሩን ታይ ነበር።»

 እሷም ተንበርክካ ገና ያልጠወለጉትን አበቦች ከክምሩ እየለቀመች በስድስቱ ዙሪያ መልሳ መትከል ያዘች።  ግንበኛው ነጭ ሽንኩርቱን አንድ በአንድ ነቅሎ በባርኔጣው ሰበሰበና ከኋላዋ መጥቶ ቆመ።

«ይሄንን የት ልትከለው?»

የነርሷ እጅ ባለበት ቀረ። አርባ ዓመት አብረው ሲኖሩ፣ ቤቱን ሲሠራ፣ ግቢውን ሲያጥር፣ የመኝታ ቤታቸውን መስኮት በግንብ ሲደፍን እንኳ አንድም ቀን ጠይቋት አያውቅም። ደስ ሊላት ይገባ ነበር። እሷ ግን ይባስ አንጀቷ አረረ። ለካ መጠየቅ ያውቅበት ኖሯል።