የሸንቃጣው እግር

ሰፈሩ «ሸንቃጣው» እያለ ሲያቆላምጠው፣ ታላቅ እህቱ ግን ከልጅነቱ ጀምሮ ትንቀዋለች። ለንቀቷም ምክንያት አሳጥቷት አያውቅም። ስኳር በሽታው እግሩን ካደነዘዘው በኋላ እንኳ፣ ያንን አፍንጫው የሾለ ጫማ አልተወም። ውስጥ እግሩ ላይ የወጣው ቁስል አልድን ሲል ክሊኒክ እየጎተተች ወሰደችው።

ነርሷ የሞተውን ሥጋ ጠርጋ፣ ፈሳሽ የሚመጥ ስፖንጅ መሳይ ማሸጊያ ለጠፈችበት።

«እኔ እስክቀይረው እንዳይነኩት። ይህን ሰፊ ጫማ ብቻ ያድርጉ፤ ክብደትዎ ቁስሉ ላይ እንዳያርፍ ነው።»

ገና ከበሩ ሳይወጡ አፉን አጣመመ። «ይቺ የሳህን ማጠቢያ ናት የምታድነኝ?»

«አፍህን ዝጋና ተራመድ» አለችው እህቱ።

ጥቂት ቀን ቆይቶ ቤቷ ሲመጣ ሽታው ቀድሞት ገባ። ለካ ማሸጊያውን ልጦ ጥሎ፣ እንክብል ከፍቶ ዱቄቱን ቁስሉ ላይ ነስንሶ፣ በሾሉ ጫማዎቹ ሠርግ ሲጨፍር ውሏል!

«እትዬ፣ ቁስል እኮ አየር ይፈልጋል» ብሎ ሊያስተምራት ቃጣው።

«አየር? እዚያ ጫማ ውስጥ? አንተ ደደብ!»

ክሊኒክ ሲደርሱ ነርሷ ካልሲውን አወለቀች። ከጫማው ሶል ሾልኮ የወጣ ሚስማር ውስጥ እግሩን ወግቶት ኖሯል።

«ይሄ ሁሉ ሲሆን አልተሰማዎትም?»

ሸንቃጣው ቀዳዳውን አየና ፊቱ አመድ መሰለ። እህቱ የስድብ መዓት አዘጋጅታ ነበር፤ ግን እንዲህ አፉ ተለጉሞ ስታየው ስድቧ እንዳይባክን ብላ ዋጠችው። ያዘነችለት እንዳይመስለው ደግሞ ፊቷን አዞረች።

ነርሷ የሚዋጥ መድኃኒት አዘዘችለት፤ ጀርም የሚገድል፣ የብር ማዕድን ያለበት ማሸጊያም አደረገችለት። እህቱ የሾሉ ጫማዎቹን ለቃቅማ ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ወረወረቻቸውና እቤቷ አስቀምጣ፣ በየቀኑ ውስጥ እግሩን እያየች ትጠብቀው ጀመር። አኮረፈ፣ ለመናት፣ ዛተባት፤ ቅንጣት አልሰማችውም። ቁስሉ ከሥር እየሞላ፣ እየጠበበ ሄዶ ከወራት በኋላ ገጠመ።

ጎረቤቶች እንኳን ደስ አለህ ሊሉት መጡ። ሸንቃጣው እግሩን አነባብሮ ተቀመጠና፣ «ማሸጊያውማ ምን አደረገ? መሠረቱን የጣለው የኔ ዱቄት ነው» አለ።

እንግዶቹ አምነውት ራሳቸውን ነቀነቁ። እህቱ ጓዳ ገባችና የእጅ መስታወት ይዛ ወጣች። በሁሉም ፊት ተንበርክካ መስታወቱን እግሩ ሥር ደገነች።

«እግርህን አንሳ። ዛሬ ውስጥ እግርህን አላየሁትም።»

ሸንቃጣው እንግዶቹን ሰረቅ አድርጎ አየና እግሩን አነሳ።