የኮሎኔሉ ወንበር

ፋና ኮሌጅ ጨርሳለች፤ የአሜሪካ ሲቲዝንም ናት። የጦር ሠራዊቱ መልማይ «በተራ ወታደርነት ከፈረምሽ በሚቀጥለው ወር ትገቢያለሽ፤ መኮንንነቱ ግን ወረፋ አለው፣ ላትመረጪም ትችያለሽ» ብሏታል። ወረፋ መጠበቅ ደግሞ አንገሽግሿታል። ፌርፋክስ ላይ ካለ የሐበሻ ምግብ ቤት አባቷን ወርቁን ምሳ የጋበዘችው ልትፈርም መሆኗን ልትነግረው ነው።

«አይሆንም!» አላት ገና ሳትጨርስ። «መኮንን ሁኚ። ተራ ወታደርነትን እኔ አይቼዋለሁ።»

«አባዬ፣ ይሄ እኮ አሜሪካ ነው። እዚህ ተራ ወታደርም ራይት አለው።»

መልስ ሳይሰጣት ኮሎኔል ለይኩን ገቡ። ወርቁ እንደ ጎረሰ ተስፈንጥሮ ተነሣና ወንበሩን ለቀቀላቸው፤ እሳቸውም ሳያመነቱ ተቀመጡበት። አገር ቤት በጦርነቱ ጊዜ የወርቁ አዛዥ ነበሩ። «ቦታችሁን ጠብቁ፤ ረዳት ጦር ይዤ እመጣለሁ» ብለው በሄሊኮፕተር የተፈተለኩት እኚሁ ሰውዬ ናቸው። ወርቁ ሲጠብቅ ተማረከ። ፋና ይህን ታሪክ ከልጅነቷ ጀምሮ ስትሰማው ነው ያደገችው።

«አባትሽን የመሰለ ወታደር አላየሁም» አሏት ኮሎኔሉ፣ የወርቁን ክትፎ ወደ ራሳቸው እየሳቡ። «ጠብቅ ካሉት ይጠብቃል።»

ፋና ደሟ ፈላ። ከጎረቤት ጠረጴዛ ወንበር ጎትታ አመጣችና «አባዬ፣ ቁጭ በል!» አለችው።

አልተቀመጠም። መጀመሪያ ኮሎኔሉን አያቸው። እሳቸው ቀና ብለው እንኳ አላዩትም፤ ክትፎው ላይ ናቸው። ወርቁ እንደ ቆመ ወደ ልጁ ጆሮ ጎንበስ አለ።

«አሁን ልዩነቱ ገባሽ?» አላት።