የጨው እንቁላል የሚሸጠው አያት

ሆንግ ኮንግ ውስጥ ትልልቅ ሰዎች «ሞተ» ማለት ሲከብዳቸው «የጨው እንቁላል ሊሸጥ ሄደ» ይላሉ። ይህን ለሰባት ዓመቷ ሄይቱንግ ማን ነግሯት! አጎቷ በስልክ ስለ አያቷ «አባባማ የጨው እንቁላል ሊሸጥ ሄደ» ሲል ሰማችና አኩርፋ እራቷን ትታ ተኛች። አያቷ ሱቅ ሲከፍት ገንዘብ ተቀባይ እንደሚያደርጋት ቃል ገብቶላት ነበር። ታዲያ ሳይነግራት ይከፍታል? ከሃዲ!

ቲቸር ኳን የከተማዋን ታሪክ ሊያሳዩአቸው ክፍሉን በሙሉ ይዘው ወደ አሮጌው የነጋዴዎች ሰፈር ሲሄዱ፣ ሄይቱንግ ታሪክ መቼ አማራት? ዓይኗ የሚፈልገው እንቁላል ብቻ ነው። መንገዱ በደረቅ ዓሣና በጋሪ ገፊ ጩኸት ተጨናንቋል።

«ልጆች፣ ይኼ ትራሙ የሚሄድበት ቦታ ድሮ ባሕር ነበር» አሉ ቲቸር ኳን።

«ትራሙ ይዋኝ ነበር?» አለ ዋይሎክ የሚባለው የክፍሉ ቀበጥ።

«አንተን ነው የማስዋኝህ! እዚህ ጥግ ደግሞ አንድ ነጋዴ ሩዝ በመርከብ እያስመጣ ይሸጥ ነበር።»

«አሁን የት ነው?» አለች ሄይቱንግ።

ቲቸር ኳን የሚሮጥ ልጅ እየያዙ፣ ሳያስቡት «እሱማ የጨው እንቁላል ሊሸጥ ከሄደ ስንት ዘመኑ!» አሉ።

ሄይቱንግ ክው አለች። አያቷ ለካ ሸሪክም አለው!

ቀጣዩ መታጠፊያ ላይ በጥቁር አመድ የተለወሱ የዳክዬ የጨው እንቁላሎች ተከምረው አየች። እጇን ይዛት ከነበረችው ልጅ አስለቅቃ ወደ ሱቁ በረረች። ባለሱቁ ጋሼ ፑን በርጩማ ላይ ተቀምጠው ያንቀላፋሉ።

«አያቴን ጥሩልኝ!»

«የምን አያት?»

«የጨው እንቁላል ሊሸጥ ሄደ ብለዋል። የድሮው የሩዝ ነጋዴም አብሮት አለ። ከጓዳ ናቸው?»

ጋሼ ፑን ቀስ ብለው ወደ ጓዳው ዞር አሉ። እንደዚያ ቀን ጓዳቸውን ፈርተውት አያውቁም።

ይኼኔ ክፍሉ በሙሉ ጥያቄዋን እየሰማ ደረሰ። «ቲቸር! እኚህ ሰውዬም የጨው እንቁላል ይሸጣሉ፤ ሞተዋል ማለት ነው?» አለ ዋይሎክ።

«አፍህን ዝጋ፣ አንተ! እኔ ዛሬ ጠዋት ሁለት ሳህን የሩዝ ገንፎ ጥርግ ያደረግሁ ሰው ነኝ!» አሉ ጋሼ ፑን።

ቲቸር ኳን ፊታቸው በርበሬ መሰለ። ቁጢጥ ብለው የሄይቱንግን እጅ ያዙ። «የኔ ቆንጆ፣ ጥፋቱ የኛ የትልልቆቹ ነው። አያትሽ ሞተዋል። እንቁላሉ አባባል ነው።»

ሄይቱንግ ወደ ተከመሩት እንቁላሎች ዞረች። ከዚያ «ሱቅ አልከፈተም?» አለች።

«አልከፈቱም።»

«ሌላ ገንዘብ ተቀባይስ አልቀጠረም?»

«ማንንም አልቀጠሩም።»

እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። አያቷ በጣም ናፈቃት፤ ቂሙ ግን ከሆዷ ወጣ። «እንግዲያው ታርቄዋለሁ» አለች በመዳፏ አፍንጫዋን እየጠረገች።

ጋሼ ፑን ከበርጩማቸው ተነሡ። «ነይ እስቲ ተቀመጪ። እኔም ገንዘብ ተቀባይ አጥቼ ነው እንጂ እንዲህ አልተኛም ነበር።»

ሄይቱንግ ወጥታ ጉብ አለች። ዋይሎክ እንቁላል ሊገዛ ተሽቀዳድሞ እጁን ሲዘረጋ «ተሰለፍ!» ብላ ጮኸችበት፤ ቲቸር ኳንም ሳይቀሩ ተሰለፉ።

ማታ እጇ ጥላሸት መስሎ ቤት ገባች። አጎቷ ሩዙን እየበላ «አንቺ፣ ስትጠበቂ የት ነበርሽ?» አላት።

«የጨው እንቁላል ልሸጥ ሄጄ ነበር» አለችው።

የአጎቷ ሳህን መሬት ላይ ተከሰከሰ።